የሂሩት ቮልስ ወለል

ቅዳሜ፣ ሜይ 9፣ 2009፣ ከሰዓት

ዛሬም መጣ። ታክሲዬን ፓርክ አድርጌ ስገባ ጋራዡ ውስጥ አራት እግር ይታየኛል፣ ሁለቱ የሚስቴ። ቮልሱ ሥር ጎን ለጎን ተኝተዋል። እሱ ይፍቃል፣ እሷ ባትሪ ታበራለታለች፣ ትስቃለች። ዝገት ምኑ ያስቃል?

ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር፣ ደብተሬ። ሶ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ቮልሱን ሂሩት ናት የገዛችው። እዚሁ ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሰፈር፣ የአንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ጓሮ ውስጥ ስንት ዘመን ዝናብ ሲወርድበት የኖረ። ልጅ ሆና ጎረቤታቸው ቮልስ ነበረው፣ አንድ ቀን እንኳ ውስጡ አላሳፈራትም፣ እልሁ እስከ ዛሬ አለቀቃትም። ሞተሩ ደህና ነው። ወለሉን ግን ዝገት በልቶታል። በሾፌሩ መቀመጫ ሥር እጅ ያስገባል።

ሰውዬውን ያመጣሁት ደግሞ እኔው! ሳምሶን ይባላል። ቤተ ክርስቲያን ተዋወቅን፣ በዲቪ ከመጣ ዓመት አልሞላውም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ቀጥቃጭ ነበር፣ የተጎዳ የመኪና አካል ሲያቃና የኖረ። እዚህ ሆቴል ሳህን ያጥባል። አሳዘነኝና በገዛ እጄ ቤቴ አስገባሁት። ከዛሬ ጀምሮ ስሙን ሙሉ አልጽፍለትም፣ ሳ. ይበቃዋል።

እኔን ጋሼ፣ እርስዎ ይለኛል። እሷን ሂሩትዬ፣ አንቺ። ምነው፣ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ በዚህ ቤት ያረጀሁት?

ቅዳሜ፣ ሜይ 16

ሳ. በተሳፋሪው በኩል ያለውን ጨረሰ። የበሰበሰውን ላሜራ በግራይንደር ቆርጦ አወጣ፣ አዲስ በየደበት፣ ፀረ ዝገት ቀባው። ጤነኛ ብረት እስኪገኝ መቁረጥ ነው፣ ሌላ መንገድ የለውም አለኝ። ኦኬ። የሾፌሩ በኩል ለሚቀጥለው ቅዳሜ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ወደ ዋናው ነገር ላለመድረስ ነው።

ዋናው ነገር ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ሂሩት፣ እሷም ከዛሬ ሂ. ትባል፣ ጥብስ ይዛ ወረደች። የሱ እጅ በቅባትና በዝገት ጠቁሯል። ታጠብ ማለት ሲቻል ጠቀለለችና አጎረሰችው። ደገመችው። ሠለሰችው። እሱ እጆቹን እንደ ሕፃን ወደ ኋላ አድርጎ አፉን ይከፍታል። በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። እሷም አየችኝ፣ ምንም አልደነገጠችም፣ ና ብላ ጠራችኝ። አለመደንገጧ ይባስ አናደደኝ። ጠግቤአለሁ አልኩ። ሆዴ እየጮኸ።

አውቃለሁ፣ ጉርሻ ነው። ለማንም ይሰጣል። ግን እኔን መጨረሻ ያጎረሰችኝ መቼ ነው? የሠርጋችን ቀን መሰለኝ።

ሰኞ፣ ሜይ 18፣ ጠዋት

ኤርፖርት፣ ተራ እየጠበቅኩ። ሳ.ን ኮል አደረግኩት። ሂ. በቃ ብላለች፣ መኪናውን ለጋራዥ ሰጥተነዋል አልኩት። ነጭ ውሸት። እሺ ጋሼ አለ፣ በቃ። ቢከራከረኝ ደስ ባለኝ። የሾፌሩን በኩል አደራ፣ በደንብ ይሥሩት አለና ዘጋ።

አደራ! በኔ ሚስት መኪና!

ያው ቀን፣ ማታ

ለሂ. ደግሞ፣ ሳ. ሥራ በዝቶበት ቀርቷል አልኳት። ከፋት። ፊቷ እንዴት እንደወደቀ ብታይ ደብተሬ! እኔ እጨርሰዋለሁ አልኩ። ሳቀች። ክፉ ሳቅ አይደለም፣ ግን አንጀቴ ድረስ ገባ። አምፖል እንኳ ስትቀይር ታማትባለህ አለችኝ።

እናያለን።

ሰኞ፣ ሜይ 25

ሥራ የለም፣ የፈረንጅ በዓል ነው። ሂ. ተኝታለች። ብየዳ አልችልም፣ መበየጃም የለኝም። ስቱኮ ግን ማንም ይለጥፋል። እንደ ሊጥ ታቦካዋለህ፣ ትደፍናለህ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው።

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ነካ ነካ አደረግኩ። ቀዳዳው ላይ የሽቦ ወንፊት አነጠፍኩ፣ በላዩ ስቱኮ ሞላሁ፣ ሞረድኩ፣ ጥቁር ቀለም ረጨሁ። ዙሪያው ያለው ብረት ጣቴ ላይ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። እንዳላየሁ አለፍኩት። ላይ ላዩን ግን ያምራል፣ እውነቴን ነው፣ የሱን ብየዳ ያስንቃል።

ሂ. ወረደች። እጄ ከሳ. እጅ ይብስ ጠቁሯል። ጠበቅኩ። ታጠብና ና፣ ምሳ ቀርቧል ብላ ወጣች።

እሑድ፣ ሜይ 31

መቀመጫውን መለስኩ፣ ምንጣፍ አለበስኩ፣ አሳየኋት። እልል አለች! አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የኔ ጀግና አለችኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ይህ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ለእኅቷ ደወለች፣ ለሥራ ጓደኞቿ ደወለች፣ ባሌ ነው የሠራው እያለች። ማታ አጎረሰችኝ። ትልቅ ጉርሻ ነበር። በውኃ አወረድኩት።

ቅዳሜ ሰው ልትጠራ ነው፣ የመኪና ምረቃ። ከዚያ ከሰኞ ጀምሮ ታኮማ፣ የምትሠራበት ሆስፒታል፣ በቮልሱ ልትመላለስ። በሀይዌይ።

ቅዳሜ፣ ጁን 6

ሳ.ን ራሷ ጠርታዋለች። ለካ ቁጥሩ አላት! ለምን አላት?

ሲገባ ውሸቴ ሊወጣ ነው አልኩ። እሷ ቀደመችኝ፣ ሥራ በዛብኝ ብለህ ጥለኸን ጠፋህ ብላ ወቀሰችው። እኔን አየኝ። ከዚያ አዎ ሂሩትዬ፣ ይቅርታ አላት። በቃ። የኔን ውሸት እሱ ተሸከመው።

ቀጥሎ ቮልሱን አየ። ምንጣፉን ገለጠ፣ በጣቱ ቋ ቋ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። እንዴት ነው ብላ እንደ ልጅ እየዘለለች ትጠይቀዋለች። ጋሼ ደክመውበታል አለ። እሷ ምስጋና መሰላትና አጨበጨበች።

ሲሄድ በሩ ላይ ክንዴን ያዘ። እሷ እንዳትነዳው ጋሼ፣ መቀመጫው የቆመው ስቱኮ ላይ ነው፣ ሀይዌይ ላይ ይዟት ይወርዳል አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። እሷ ሥራ በምትሄድበት ቀን መጥቼ በድብቅ ልበይደው፣ የሠሩት እርስዎ እንደሆኑ ይቆይ፣ ለሷ አልነግራትም አለ።

በሩን ዘጋሁበት።

እሑድ፣ ጁን 7፣ ከሰዓት

ጰራቅሊጦስ። ቅዳሴው አንድም አልገባኝም። ሳ. ሁለት ጊዜ ኮል አደረገ፣ አላነሳሁም።

ሂ.ን አንድ ሳምንት ቆይልኝ አልኳት። ለምን? ዝናብ ነው አልኩ። ሲያትል ሆነን? ብላ ሳቀችብኝ። የቮልሱን መስተዋት እየወለወለች ትዘፍናለች።

ምን እንዳቃጠለኝ ልንገርህ። ስቱኮዬን መናቁ አይደለም። ድምፁ መንቀጥቀጡ ነው። ከኔ ቀድሞ ለሷ ፈራላት! እኔ ብረቱን በጣቴ እያፈረፈርኩ ምን ትለኝ ይሆን ብቻ ነበር የማስበው። ምን ትሆን ይሆን ብዬ አንዴም አላሰብኩም። ቅናት አሳወረኝ። ትታዘበኛለህ፣ ታዘበኝ።

በድብቅ ይበይደው ብልስ? የኔ ጀግና ባለችኝ ቁጥር እሱ በሆዱ ያውቃል። ከሚስቴ የደበቅኩትን ከሱ ጋር ተካፍዬ ልኖር? ሞቼ ነው።

ሰኞ፣ ጁን 8፣ ጠዋት

ስትታጠብ ነቃሁ። አልጋው ጠርዝ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ወስኛለሁ። እነግራታለሁ፣ ሁሉንም። ስቱኮውን፣ ስልኩን፣ ሁለቱንም ውሸት። ዛሬ ታኮማ በታክሲዬ አደርሳታለሁ። ሳ.ን ራሷ ትጥራው፣ እሷ ባለችበት በቀን ይምጣና ያን ስቱኮ ፈንቅሎ ይጣለው። ባትሪ ታብራለት። ካሳቃትም ያስቃት። ጀግና የሚለው ስም ይቅርብኝ፣ ምን አደርጋለሁ።

አሁን ከሻወር ትወጣለች። በምን እንደምጀምር እያሰብኩ ነው። ሂሩትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ ልበላት? ወይስ ቁልፉን ስጪኝ ብዬ በቀጥታ

ውኃው ከቆመ እኮ ቆይቷል። የት ናት? የጋራዡ በር ነው የሚከፈተው? ገና ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ ነው! ሞተሩ ተነሳ፣ ሂሩ