ለጊዜው የገጠምኩት ሴንሰር

የካቲት 16፣ ሰኞ። ጠዋት፣ ጋራዥ ሳልከፍት

ደብተሬ፣ ሴንሰሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሙሉጌታ ምንም አላጠፋም። ይኸው ጻፍኩት። ሁለት ዓመት አንተ ላይ እንኳ መጻፍ ፈርቼ ነበር።

የደንበኛዬ የጌታሁን መኪና ላይ ቱርቦ ስንገጥም ሽቦውን አብሮኝ ይሠራ የነበረው ሙሉጌታ ዘረጋ፣ ሞተሩና ሴንሰሩ የእኔ ድርሻ። የአየር ግፊት ሴንሰሩ እስከ ሦስት ባር ግፊት የሚቆጥር፣ ባለ ሦስት ባር የሚባለው መሆን ነበረበት። ቱርቦው የሚጨምረውን አየር እስከ ላይ እንዲለካ። ያዘዝኩት ዘገየ። ጌታሁን ለፋሲካ ካልነዳሁት ብሎ ወጠረኝ። ቱርቦ ከሌላት አሮጌ መኪና ባለ አንድ ባር ነቀልኩ። ሶኬቱ ያው፣ መልኩ መንታ። የሞተሩን ኮምፒውተርም ለእሱ አስተካከልኩት። ለጊዜው ነው አልኩ። ቀስ ብለህ ንዳ አልኩት። ማን ነው ቱርቦ አስገጥሞ ቀስ የሚል?

ቤልትዌይ፣ ፈጣኑ አውራ ጎዳና ላይ ሲገባ ረገጠው። ባለ አንድ ባር ከውጭው አየር በላይ መቁጠር አይችልም። አየሩ በላይ በላዩ ይገባል፣ ሴንሰሩ ያቺኑ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ያቺኑ ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ አነሰ፣ ሞተሩ ጋለ፣ ፒስተን ቀለጠ።

በማግሥቱ፣ መኪናው ተጎትቶ ጋራዤ እንዳለ፣ ትክክለኛው በፖስታ መጣ። ሰው ሳያየኝ ቀየርኩት፣ ኮምፒውተሩንም እንደዚያው። ጌታሁን መጥቶ ከፈተ፣ አየ፣ ሴንሰሩ ደህና ነው፣ እንግዲህ ሽቦው ነው አለ። ዝም አልኩ።

የነቀልኩትን አልጣልኩትም። የሟች ባለቤቴ የዘውዴ የክር ቆርቆሮ ውስጥ አለ።

የካቲት 17፣ ማክሰኞ። ምሳ ሰዓት (ጾም ነው፣ ምሳ የለም)

ይህን ሁሉ ያስነሳው የልጄ የሜሮን መኪና ነው። የእናቷ ነበረች፣ ዘውዴ ካረፈች ወዲህ ላንድማርክ ሰፈር ከአፓርታማችን ሥር ቆማ አቧራ ስትጠጣ የኖረች። ልጄ ቱርቦ ላስገጥምላት አለች። በሚቀጥለው ወር ትራክ፣ የእሽቅድምድም ሜዳ ትወስዳታለች። ሆስፒታል ታማሚ ስታነሳ ስትጥል የምትውል ልጅ፣ ዕረፍቷ ይኸው ነው። እሷ በእንግሊዝኛ፣ እኔ በአማርኛ። ሞተር ላይ ስንደርስ እንግባባለን።

ሴንሰር አንተ ምረጥልኝ አባዬ አለች።

መረጥኩ። የግፊቱ ባለ ሦስት ባር። ሳጥኑ ላይ ያለውን አላመንኩም፣ የተቀረጸውን ቁጥር በማጉያ መነጽር ሦስቴ አየሁ። የአየር ሙቀቱ ጫፉ ክፍት የሆነው፤ ድፍኑ ራሱ ይግልና ዘግይቶ ይናገራል። የጭሱ ኦክስጅን ሴንሰር ከቱርቦው በኋላ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ወደ ላይ ዘንበል ብሎ። የኖኩ፣ ማለት ሞተር ከውስጥ ሲያንኳኳ የሚሰማው፣ ባዶ ብረት ላይ፣ ቀለም ሳይኖር። ሜሮን ሳቀችብኝ። ዳድ፣ የልብ ቀዶ ጥገና አደረግከው እኮ አለች።

አልሳቅሁም።

የካቲት 19፣ ሐሙስ

ሽቦ ቀረ። ዓይኔ ደክሟል፣ ሙያዬም አይደለም። ሙሉጌታን ብንጠራው አልኩ። ሜሮን ኖ ዌይ አለች። ያ ሞተር ያቃጠለው ሰውዬ? ማሚ ከቤት ያባረረችው?

አዎ፣ ዘውዴ አባርራዋለች። ድሮ ሽሮው ላይ ቃሪያ የምታበዛለት እሷ፣ አንተ ሰው ልትጨርስ ነበር፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ አለችው። ቆሜ ሰማሁ። ስታርፍም ያንኑ እንዳመነች አረፈች።

ለቅሶዋ ላይ ሙሉጌታ መጥቶ ነበር። ለለቀስተኛ የሚሆን ወንበር ከመኪና እያወረደ እስከ አዳራሹ በር ያደርሳል፣ አይገባም። ቃሏን አክብሮ ነው። ሦስት ቀን እንዲያ ሆነ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ በመስኮት አየዋለሁ።

ሜሮን ከኢንተርኔት ሌላ ሽቦ ሠሪ አገኘች። ነገ ይመጣል።

የካቲት 22፣ እሑድ። ከቅዳሴ መልስ

ለአባ ነገርኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። በየዓመቱ ስናዘዝ ቁጡ ነኝ፣ ትዕግሥት የለኝም እያልኩ ይህኛውን በጎን አልፈው ነበር። ዛሬ አላለፍኩም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወደ ሙሉጌታ ሽማግሌ ልላክ ወይ አልኳቸው። ሳቁ። ሽማግሌ የሚላከው የማን ጥፋት እንደሆነ ሲያከራክር ነው፣ አንተን ማን ተከራከረህ አሉ። ሂድና ራስህ ንገረው፣ ቀኖናህን ከዚያ በኋላ እሰጥሃለሁ።

እሺ አልኩ። ስልኬን አወጣሁ። መልሼ ከተትኩ።

የካቲት 24፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ሞተሯን አስነሳናት። ተነሳች፣ አስላት፣ ጠፋች። እንደገና። በጭስ ቱቦው ተኮሰች። አዲሱ ሽቦ ሠሪ ትለምዳለች አለ። ሞተር ምኑን ይለምዳል? ጎንበስ ብዬ አየሁ። የሞተሩን ዙር የሚቆጥረው የክራንክ ሴንሰር ሽቦ እሳት ከሚሰጡት ኮይሎች ሽቦ ጋር አንድ ላይ ታስሯል። ኮይሉ በረበሸው ቁጥር ኮምፒውተሩ ፒስተኑ የት እንዳለ ይሳሳታል፣ እሳቱን ያለ ጊዜው ይለቃል። ሙሉጌታ ቢሆን ለብቻው፣ በሽፋን ሽቦ፣ በሌላ በኩል ነበር የሚያሳልፈው። ከባድ ጭነት ላይ ይህች መኪና ፒስተን ትሰብራለች። መሪው ላይ ደግሞ ልጄ ናት።

ተናገርኩ። ሰውዬው ለጊዜው ይሠራል አለ።

ለጊዜው! የራሴን ቃል ከሰው አፍ ሰማሁ። ወጥቼ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምኩ። አቡነ ዘበሰማያት ጀምሬ በደላችንን ይቅር በለን ላይ ስደርስ ቆመብኝ። ወደፊት አልሄድ አለ።

የካቲት 27፣ ዓርብ። መድኃኔዓለም

ሜሮንን ኩሽና አስቀመጥኳት። የክር ቆርቆሮውን ከፈትኩ፣ ሴንሰሩን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። ነገርኳት። በአማርኛ ጀመርኩ፣ እሷ ግን በእንግሊዝኛ አልመለሰችልኝም። ማሚ ታውቅ ነበር? አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። አታውቅም አልኩ። ተነስታ ክፍሏ ገባች። በሩን አላጋጨችም። ብታጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ከክፍሏ ወጣች። ሽቦ ሠሪውን አሰናብቼዋለሁ አለች። ቀጥሎ ያለው የአንተ ነው።

የካቲት 28፣ ቅዳሜ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ

እንዳይረሳኝ አሁኑኑ ልጻፈው።

ከምንኖርበት ከአሌክሳንድርያ ድልድዩን እስክሻገር ሁለቴ መውጫ ፈለግሁ፣ ልመለስ። አልተመለስኩም። ሙሉጌታ ከሚኖርበት ሕንፃ ሥር መኪናውን ሲወለውል አገኘሁት። አሁን ሰው ያመላልሳል። ሽቦ ትቷል። ሲያየኝ ጨርቁን ጣለ፣ ሜሮን ደህና ናት? አለ መጀመሪያ። ክፉ ወሬ ይዤ የመጣሁ መሰለው።

ሴንሰሩን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ። አገላበጠው። ቁጥሩን አነበበ። እሱ ማጉያ አይፈልግም። ለመናገር አፌን ስከፍት ገብቶት ነበር። ያም ሆኖ ሁሉንም ተናገርኩ፣ በማግሥቱ መቀየሬን፣ ዝም ማለቴን፣ በለቅሶው በመስኮት ማየቴን፣ አሁን የሜሮን መኪና ላይ የሆነውን።

ከዚያ ያለው ይኸው ነው፣ ቃል በቃል፦ «ጋሼ፣ እኔ እኮ አምኜ ነበር። ያቺን ሽቦ በሐሳቤ ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደገጠምኳት አያውቁም። የቷ ጋ እንደሳትኩ ፈልጌ አጣሁት።»

ይህን አልጠበቅሁም። ንጹሕ ነኝ ብሎ እየማለ የሚኖር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የእኔን ጥፋት የራሱ አድርጎ ተሸክሞት ኖሯል። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘኝ፣ ኧረ በማርያም፣ ሰው ያያል አለ። ይቅር ብዬዎታለሁ አላለም። አልጠየቅሁትም።

የሜሮን ክራንክ ሽቦ በየት በኩል ነው ያለፈው? አለ። ነገርኩት። ከንፈሩን መጠጠ። ከዚያ፦ ለጌታሁንስ ነግረውታል?

አልነገርኩም አልኩ።

ሴንሰሩን ጨበጠ። ስልኬን አወጣሁ። ይህን ጊዜ ወደ ኪሴ አልመለስኩትም። እዚያው ፊቱ ደወልኩ፣ ስፒከር ላይ አደረግሁት። ጌታሁን አነሳ፣ ኧረ ጋሽ ታደሰ፣ ከየት ተገኙ ዛሬ? አለ እየሳቀ።

ሽቦው አልነበረም አልኩት።