ለአንዲት ፋይል የተላኩ ሽማግሎች

ሰኞ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ይዘጋል። ኬቨን ነው የጻፈልኝ፤ የሱቁን ሶፍትዌር የሸጠልን ድርጅት ውስጥ የደንበኞችን ኢሜይል የሚመልሰው ሰው። ትሕትናውስ አይወራም። መልሱ ግን ያው እምቢ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦንላይን ሱቃችን የተቀመጠበት ሰርቨር አርጅቶ ዓርብ ይጠፋል። ሁሉንም ወደ አዲስ ሰርቨር አዛውሬያለሁ፤ ፎቶዎቹን፣ ትእዛዞቹን፣ የደንበኞቹን አድራሻ። የቀረችኝ አንዲት የፈቃድ ፋይል ናት። ሶፍትዌሩ በየቀኑ እሷን ከፍቶ የባለቤቱን ስምና የሰርቨሩን ቁጥር ያያል። ካልገጠመለት ሱቁን ይዘጋዋል። ለአዲሱ ሰርቨር አዲስ ፋይል ያስፈልጋል፤ አዲስ ፋይል ማውጣት የሚችለው ደግሞ ፈቃዱ በስሙ የተመዘገበው ሰው ብቻ ነው።

የተመዘገበው በትዕግሥት ስም ነው።

አንቀልባ መሸጥ የጀመርነው ሁለታችን ነን። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ማንገቻውን ትሠራለች፣ ኮምፒውተሩንም የምትይዘው እሷ ነበረች። ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆነን። እሷ ታኮማ፣ እኔ ማውንት ቤከር፤ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። መንገድ ላይ እንኳ አንገናኝም፤ እኔም ተመስገን ስል ኖሬያለሁ።

ባለቤቴ ዳዊት «አዲስ ፈቃድ ግዢና ተገላገይ» አለኝ። አዲሱ የድሮውን ሱቅ አይቀበልም። ከባዶ መጀመር ነው፤ እሱ ደግሞ ወራት ይፈጃል። ዐሥራ አንድ ትእዛዝ አለብኝ። አንዷ ኤቨረት ከተማ ያለች ነፍሰ ጡር ናት፤ «ከምጤ በፊት ይደርሳል አይደል?» እያለች በየቀኑ ትጽፍልኛለች። ይደርሳል እላታለሁ። በምን አፌ እንደምላት እንጃ።

ማክሰኞ

ዛሬ የሞከርኳቸው፦

ለኬቨን፣ አሁን የሱቁ ባለቤት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃ አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም።

የድሮውን ፋይል ገልብጬ አዲሱ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ፈቃዱ አይገጥምም የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

ፋይሉን ከፍቼ ቁጥሩን በእጄ ቀየርኩት። አሁንም ቀይ። በራሴ ቤት፣ በራሴ ሱቅ፣ የሌባ ላብ አላበኝ።

በመጨረሻ ኬቨን ራሱ የማጽደቂያ ጥያቄውን ለትዕግሥት ላከላት። አንድ ቦታ መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ቀኑን ሙሉ ስልኬን ሳይና ስመልስ ዋልኩ። መርፌው ሁለት ጊዜ ወጋኝ። ምንም የለም። አይታዋለች፣ አውቃታለሁ፤ ኢሜይል ሳታነብ የምታድር ሴት አይደለችም።

«ማም፣ ጀስት ቴክስት ሀር» አለችኝ ትልቋ ልጄ። አጭር መልእክት ጻፊላት ማለቷ ነው። ቀላል መሰላት።

ዳዊት ከሥራ ሲመለስ «እንግዲያው ሽማግሌ እንላክባት» አለ። ሳቅኩበት። ሽማግሌ ለትዳር ይላካል፣ ለደም ይላካል፤ ለኮምፒውተር ፋይል ሲላክ ማን አይቷል? እሱ ግን አልሳቀም። ለጋሽ ተፈራ ኮል አደረገላቸው፤ እሳቸው እትዬ አስካለን ጨመሩ። ሁለቱም ያኔ ሱቁን ስንከፍት የመረቁን ሰዎች ናቸው። አፍሬ መኝታ ቤት ገባሁ።

ረቡዕ

ጠዋት መጡ። ጋሽ ተፈራ ኮትና ክራቫት አድርገዋል። ገና ሳይቀመጡ ምርመራ ጀመሩ።

«ይኼ ፋይል የምትይው ወረቀት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ኮምፒውተር ውስጥ ነው።»

«በማን ኮምፒውተር?»

«እስካሁን የለም። እሷ እሺ ስትል ነው የሚፈጠረው።»

ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። «የሌለ ዕቃ አምጡ ተብለን ነው እንግዲህ የምንሄደው» አሏቸው። እትዬ አስካለ «ዝም ብለህ ንዳ» አሏቸው።

ከመነሳታቸው በፊት እትዬ አስካለ የተጣላችሁት በምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ሥራ ላይ ተቀያየምን አልኩ። ውሸት አይደለም። ሥራ ላይ ነበርን።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተፈራ ደወሉ። ድምፃቸው ቀዝቅዟል። በደንብ ተቀብላ፣ ምሳ አብልታ፣ ጉዳያቸውን እስኪጨርሱ አዳምጣቸዋለች። ከዚያ የጠየቀቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። «የተጣላንበትን ነግራችኋለች?»

«በሥራ ነው ብላናለች።»

«እንግዲያው እኔ የምጨምረው የለኝም» ብላ እስከ መኪናቸው ሸኘቻቸው።

«ያልነገርሽን ነገር አለ» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። የለም አልኩ። ለሳቸውም ዋሸሁ። እዚህ ደብተር ላይም እኮ እየዋሸሁ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሰርቨር ስጽፍ ነው የከረምኩት።

ሐሙስ

አንድ አንቀልባ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ጨርቁ ተበላሸ።

እትዬ አስካለ ብቻቸውን መጡ። በባቡር ነው የመጡት፤ ለጋሽ ተፈራ አልነገሯቸውም። የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ዝም አሉ። ሲጠይቁኝ እዋሽ ነበር፤ ዝም ሲሉ አቃተኝ። ነገርኳቸው።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። አንዲት ደንበኛ ማንገቻው ላላብኝ ብላ አንቀልባዋን ይዛ መጣች። ትዕግሥት የሠራችው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሌሎች ሁለት እናቶችም ነበሩ፤ ትዕግሥትም እዚያው ነበረች። ነገሩን በሳቅ ላልፈው ፈልጌ «አትፍረጅባት፣ ልጅ አዝላ ስለማታውቅ እኮ ነው» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

ትዕግሥት ልጅ ለማግኘት ስንት ዓመት ሐኪም ቤት እንደተመላለሰች ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ፓርክ አድርጌ መኪና ውስጥ እጠብቃት ነበር፤ ስትወጣ ፊቷን አይቼ ሬዲዮውን እዘጋ ነበር። እሷ ናት እንግዲህ የሰው ልጅ የሚታዘልበትን ጨርቅ ከኔ ጋር የሠራችው፣ አንድም ቀን ሳታማርር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው ያልኩት።

በነጋታው አልመጣችም። ጥላኝ ሄደች እያልኩ ላገሩ ሁሉ አወራሁ።

እትዬ አስካለ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። «የወጋ ቢረሳ» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

«አልረሳሁም እትዬ» አልኳቸው። «ረስቼ ቢሆን ኖሮ እደውልላት ነበር።»

«ነገ ራስሽ ትሄጃለሽ» አሉ። «እኛ እንከተልሻለን።»

ዳዊት ሲሰማ «ድንጋይ ላሸክምሽ?» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ፊቴን ሲያይ ተወው።

ዓርብ



እኔ ነዳሁ፤ ሽማግሎቹ ከኋላ። ሀይዌዩ ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ ተፈራ ሰዓታቸውን እያዩ «ይኼ ሰርቨር የሚሉት በስንት ሰዓት ነው የሚሞተው?» ይሉኛል። ዘጠኝ ሰዓት አልኳቸው። በሆዴ ከምናገረው ይልቅ ዘጠኝ ሰዓትን ነበር የማስበው። ይህንንም ልጻፈው።

ትዕግሥት በር ከፈተች። ከስታለች። ሽማግሎቹን ስማ አስገባች፤ እኔን «ግቢ» አለችኝ። ተቀመጥን። ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እጇን አነሳች።

«ይቅርታ ጋሼ። ፋይሉን ልኬላታለሁ» አለች። «መንገድ ላይ ስትሆኑ ነው የላኩት። ኢሜይልሽን አላየሽም?»

ስልኬን አወጣሁ። አለ። ከሷ የመጣ፣ ምንም ጽሑፍ የሌለው፣ ፋይሉ ብቻ። አሁን ሰባት ሰዓት ተኩል ነው። ተነስቼ ብሄድ እደርሳለሁ።

«እትዬ አስካለ ጠዋት ደውለው እንደምትመጪ ሲነግሩኝ ነው ያጸደቅኩት» አለች። ወደኔ አላየችም። «ለፋይሉ ስትይ ይቅርታ እንዳትጠይቂኝ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። አሁን የምትፈልጊው ነገር እኔ ጋ የለም። መሄድ ትችያለሽ።»

እውነቱን እጽፋለሁ፤ ለአንድ አፍታ ልሄድ አሰብኩ። ሱቄ ድኗል። ማንም አያስገድደኝም።

ከዚያ ተናገርኩት። «ይቅርታ አድርጊልኝ» ብቻ ብዬ ልገላገል አልቻልኩም፤ ያን ቀን ያልኩትን ቃል በቃል፣ ሳቄን ጨምሬ፣ በሽማግሎቹ ፊት ደገምኩት። እያወቅኩ ነው ያልኩት አልኳት። ጋሽ ተፈራ ክራቫታቸውን ፈቱ። ተንበርክኬ እግሯን ልይዝ ስል ወደኋላ ሸሸች።

«ተነሺ» አለች። ታለቅስ ነበር። «ሰምቼሻለሁ። ዛሬ ግን አልመልስልሽም።»

ጋሽ ተፈራ «ልጄ፣ ስለ እመቤታችን ብለሽ» ብለው ጀመሩ። እትዬ አስካለ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው ተዉት። ተነስተን ወጣን። 

ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ ቤት ገብቼ ፋይሉን ጫንኩት። ቀዩ ጽሑፍ ጠፋ።

ቅዳሜ

ሱቁ ሲሠራ አደረ። ሁለት አዲስ ትእዛዝ ገብቷል። የኤቨረቷን ጨርሼ ዛሬ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ኬቨን ሁሉም ደህና ነው ወይ ብሎ ጻፈ፤ አዎ አልኩት። ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቁርስ አልበላልኝም፤ ስልኩ ሲጮህ እየዘለልኩ አነሳለሁ፤ እሷ አይደለችም።

ከቀትር በኋላ ጋሽ ተፈራ ደወሉ።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን» አሉኝ።

«የት ጋሼ?»

«ታኮማ ነዋ።»

«ፋይሉን እኮ ሰጠችን። አሁን ምን ልንጠይቅ ነው የምንሄደው?»

«እስካሁንማ ለፋይልሽ ነበር የሄድነው» አሉ። «ትዕግሥትን ገና አልጠየቅናትም።»

እሺ አልኳቸው። እምቢ ብትለንስ ብዬ ልጠይቃቸው ነበር፤ ፈርቼ ስልኩን ዘጋሁት።