በአንድ ገጀራ ሁለት ጓሮ ለጎበኙልን አስተባባሪ

ለ«ጓሮ ይለምልም» ፕሮጀክት ክቡር አስተባባሪ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ፊትዎ እንዳይጠወልግ፣ ወገብዎም እንዳይበሰብስ ከልቤ እመኛለሁ፤ በእንሰቴ ላይ ሁለቱም ደርሷልና። ከሻንቶ ከተማ ወጣ ብዬ የምኖር የመልካሙ ሚስት ሐመልማል ነኝ፤ ገጀራ ያዋስኩዎት ሴትዮ።

አንደኛ፣ ከባሕር ሣር ተጨምቆ ስለመጣው መድኃኒት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በሥልጠናው እንዳስረዱን፣ በሽታው ሳይመጣ ቢረጭ ተክሉን ያጠነክራል እንጂ የታመመውን አያድንም። ጄሪካኑ ግን መጋዘንዎ ውስጥ ተቆልፎ ከርሞ፣ አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ የጎረቤታችንን የሻንቆን ጓሮ ከፈጀ በኋላ በካሜራና በጭብጨባ ደረሰልን። ለሬሳ ክትባት ሲሰጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታው በስለት ይሻገራልና ቢላችሁን በእሳት ሳታሳልፉ ከጓሮ ጓሮ እንዳትሻገሩ ብለው ያስጠነቀቁን እርስዎ ነዎት። ከዚያ በእኔ ገጀራ የሻንቆን የታመመ እንሰት ቆርጠው ለካሜራው አሳዩ፤ ፈሳሹ ከስለቱ ላይ ሳይደርቅ እኔ ጓሮ ገብተው ጤነኛውን ቆረጡ። ሻንቆ አጠገብዎ ቆሞ አይቷል። እንግዳ፣ ያውም ባለሥልጣን፣ በሰው ፊት አይታረምም ብሎ አንገቱን ደፋ።

ሦስተኛ፣ ጓሮዬ ቢጫ ሲሆን ባሌ ሻንቆን ለምን ዝም አልክ ብሎ አነቀው። ሻንቆ ግንባሩን በዱላ ፈነከተው፤ ባሌም ያንኑ ገጀራ አንስቶ ጣቶቹን ቆረጠው። ደማቸው እንሰቱ ሥር ፈሰሰ። አሁን አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ እስር ቤት ነው። እኔ ለልጆቼ ላበላው የነበረውን እንሰት በመጥረቢያ እየፈነገልኩ እቀብራለሁ፤ በየምቱም ስምዎን እጠራለሁ፣ ማዕረግዎን ሳልዘል።

የሻንቆ ወንድሞች፣ ሻንቆ ሆን ብሎ በሽታ አስገባብን ከሚሉት ከባሌ ወንድሞች ጋር ሊጨራረሱ ገጀራ እየሳሉ ነው። ክቡርነትዎ መጥተው ያልጸዳው ገጀራ በእጅዎ እንደነበረ በሽማግሌ ፊት ቢናገሩ ደሙ እዚህ ላይ ይቆማል። ሥራ ቢበዛብዎም ለቀብር ከመምጣት ይቀላል።

ጓሮ በነበረው ባዶ መሬቴ ላይ ቆሜ፣ ለክብርዎ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ሐመልማል

ማሳሰቢያ፦ የእኔ ገጀራ በኤግዚቢትነት ፖሊስ ጣቢያ ተይዟልና የራስዎን ይዘው ይምጡ። እሳቱን እኛ አንድደን እንጠብቅዎታለን።