ኤሊ የተሳለመቻት ማርያም

ውድ ባየሽ፣

በስልክ ብነግርሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ጻፍኩልሽ። በቅናት ቆሽቴ አርሯል። የምቀናው ደግሞ ባንቺ ነው፣ በገዛ ልጄ የክርስትና እናት!

ቅዳሜ ከኤርፖርት ሥራዬ ኦፍ ነበርኩ። ሁሌ አንቺ ጋ የምትውለዋን ልጄን ኤሊን ዛሬስ ለብቻዬ ላጫውታት ብዬ ሚኒያፖሊስ ሙዚየም ይዣት ሄድኩ። አንዱ ክፍል ውስጥ፣ የዛሬ አምስት መቶ ዓመት ጣሊያኖች የሳሏት ማርያም ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ራቁቱን ነው። «ውይ፣ ምናለ ጋቢ ቢጤ ጣል ብታደርግበት!» ብዬ ሳልጨርስ ኤሊ እጄን ለቀቀች። አማተበች፣ ጎንበስ አለች፣ ሥዕሉን በግንባሯ ነካ አድርጋ ሳመችው። ቁርጥ አንቺን!

አላርሙ ጮኸ፣ ጥበቃው ሮጦ መጣ። እኔ «ሶሪ፣ ሶሪ» እያልኩ መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ እቴ! ሥዕሉን እያሳየችኝ «ባያ እንደዚህ ነው የምታቅፈኝ» አለችኝ፤ አንቺን ማለቷ ነው።

«እኔስ?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «ማሚ፣ ዩ ድራይቭ» አለች።

እግዜር ይይልሽ ባየሽ! ማማተቡም ካንቺ፣ መሳለሙም ካንቺ፣ እቅፉም ያንቺ። እኔ አምጬ የወለድኳት ሾፌሯ ልሁን? ስንመለስ መኪና ውስጥ በንዴት፣ «ከሰኞ ጀምሮ ዴይኬር ነው የምትገቢው፤ ባያ ጋ መሄድ ቀረ» አልኳት።

ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ኢገን ከተማ ያለው ቤታችን በር ላይ ስንደርስ፣ «ታዲያ ባያ ማንን ታቅፋለች?» አለችኝ።

ሞተሩን አጥፍቼ ከኋላ ወንበር ገባሁና አቀፍኳት። ለካ አላውቅበትም! «ኖ፣ ማሚ» ብላ ክንዴን አስተካከለችና ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አድርጋ እንቅልፍ ወሰዳት። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዴይኬሩን ትቼዋለሁ። ሰኞ እንደ ወትሮው አፕል ቫሊ ቤትሽ ድረስ አመጣልሻለሁ። ቅዳሜ ግን የኔ ናት፣ ነግሬሻለሁ! እሁድም ቤተ ክርስቲያን እመጣለሁ፤ መሃላችሁ ነው የምቆመው። ቅናቱ እንደሆነ አልለቀቀኝም፣ አታባብዪኝ።

ሰኞ በር ላይ ስንደርስ ቶሎ አትቀበዪኝ። መጀመሪያ እኔ ልቀፋት።

ሾፌሯ
ኢብሲቱ