ሁላችንም ጨው የጨመርንበት ድስት

ብዕሩን የያዘው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ነው፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። ገና ወረቀቱን ሳይዘረጋ «ጋሽዬ፣ ትንሽ አሳምሬ ልጻፈው?» ብሎኝ ነበር። ያልኩህን ብቻ ጻፍ ብዬዋለሁ። ስለዚህ ሻከር ያለ ነገር ካገኘሽ የኔ ነው፣ አትቀየሚው፤ የተለሳለሰ ነገር ካገኘሽ ደግሞ ሰርቆ ያስገባው እሱ ነው።

ለውድ እህቴ ለሚጣ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃው አሁንም ያስቸግርሻል? ዓይንሽስ? ባለቤትሽ ወገቡን ተሻለው ወይስ ዛሬም መኪና ካልነዳሁ እያለ ያስቸግርሻል? ልጆችሽስ፣ ምራትሽስ፣ ያቺ አፏን የፈታችው የልጅ ልጅሽስ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ለወጉ ያህል አይደለም፤ ክንዴን ታስሬ፣ ተለክቼ፣ ደህና ነህ ተብዬ ነው። ናፍቆትሽን ግን የሚለካ መሣሪያ እስካሁን አላመጡልንም።

ባለፈው ልጅሽ በዚህ ሲያልፍ ጎራ ብሎ ያንቺን ነገር አጫወተኝ። ደም ግፊት አለብሽ ተብለሽ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈሽበታል አሉ። ጨው ቀንሺ ሲሉሽ ደግሞ «ለነርስ ብዬ የእናቴን እጅ አልጥልም» ብለሻል። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ እኔም ቃል በቃል ያልኩት ይህንኑ ነበርና። ከዚያ እናታችን ትዝ አለችኝና ሳቁ አፌ ላይ ደረቀ። ራሴን ራሴን እያለች ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ስታስር ታስታውሻለሽ? ያን ቀን ሸክሟን አውርዳ ደጃፉ ላይ አረፍ እንዳለች ቀረች። ሰው ሁሉ ድንገት ነው አለ። እዚህ ያለችውን ነርስ ጠይቄያታለሁ፤ ያኔ ማንም አልለካትምና እንዲህ ነው ብዬ አልምልም አለችኝ። ልቤ ግን አውቆታል።

አሁን የኛን ጉድ ስሚ። ይቺ ነርስ ከጤና ጣቢያ መጥታ በየቤቱ የሰው ክንድ ትለካ ነበር። እንደምታውቂኝ ዕድሜዬን ድንጋይ ስጠርብና ግንብ ሳቆም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክንዴን የዘረጋሁላት በሽታ ሊገኝብኝ ሳይሆን ክንድ ምን እንደሚመስል ላሳያት ነበር። ለካችኝ፣ ደግማ ለካችኝና ምግብ የሚያበስልልዎ ማነው አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እኔው ነኝ አልኳት። እንግዲያው በየሳምንቱ ከኛ ጋር ይመገባሉ አለች። ምጽዋት መሰለኝና ፊቴን አዞርኩ። ሽንኩርቱን የሚከትፉት እርስዎ ነዎት ስትለኝ ግን እሺ አልኳት።

እንዲህ አድርጋ ደም ግፊት ያለብንን ጎረቤታሞች በሰፈሩ አዳራሽ ኩሽና ሰበሰበችን። ልብስ ሰፊው አለ፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ አለች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አለ። አንድ ትልቅ ድስት ምስር በጋራ እንሠራለን፣ ጨው የለሽ። የመጀመሪያው ቀን ምስሩ ድርቆሽ ድርቆሽ አለን። ነርሷ እንዳይከፋት ግን ሁላችንም እጅሽ ይባረክ እያልን ዋጥነው። ያው ይሉኝታ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ለጎረቤቶቼ አዘንኩላቸው። ምን በደሉና ነው አልጫ የሚበሉት ብዬ ጨው በወረቀት ጠቅልዬ በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ነርሷ ዞር ስትል ላማስል ብዬ ተጠጋሁና ለቀቅሁበት። ለካ ዘበኛውም አዝኖልን ኖሯል። ልብስ ሰፊውም እንደዚሁ፤ ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፣ ጻፍ ብዬዋለሁ። አስተማሪዋ እንኳ ሳትቀር በመሀረቧ ቋጥራ መጥታለች። ሁሉም ተራ በተራ ላማስል እያለ ተነሳ፤ ነርሷም ትጋታችንን አይታ አመሰገነችን። ምግቡ ሲቀርብ አፋችን ተኮማተረ። ጨው በዛ እንዳንል ጨው የለሽ ነው፤ ዝም እንዳንል አይዋጥም። እሷም ቀመሰችና ማንኪያዋን አስቀምጣ አንድ በአንድ አየችን። ዘበኛው ምስሩ የበቀለበት መሬት ጨዋማ ሳይሆን አይቀርም አለ። ይሄኔ ሳቀች፤ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ሳቀች። እኛም አንገታችንን ደፍተን ኪሳችንን ገለበጥን።

አልተቆጣችንም። እንዲህ ከተዛዘናችሁ አብራችሁ ቀንሱ፣ ምላስን ጡት እንደማስጣል ነው፣ ቀስ ይባላል አለችን። እንዳለችውም በየሳምንቱ ጨዉን እየቀነስን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ሎሚውን እየጨመርን ለመድነው። ክኒኑንም እየተጠያየቅን እንውጣለን፤ የረሳ ሰው በአስተማሪዋ ምላስ ይገረፋል። ግፊቴ ወርዷል፣ ዳገቱንም ሳላርፍ እወጣዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር አለ፤ የምጽፍልሽም ለሱ ነው። በቅርቡ የባለቤቴ ወንድም ቤት ምሳ ተጠርቼ ነበር። ሚስቱ የድሮ ሰው ናት፤ ልክ እንደ እናታችን ጨዉን በሦስት ጣቷ አንስታ ከላይ ነው የምትበትነው። ቀመስኩት፣ መረረኝ። ያመመኝ መምረሩ አይደለም፤ እናታችን ዛሬ ተነስታ ብታበላኝ ጨው በዛ ልላት ነው ማለት ነው ብዬ በሰው መሀል እንባዬ መጣ። ትን አለኝ ብዬ ውሃ ጠየቅሁ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያቺን የእናታችንን ድስት ሳስብ መጣሁ። ትዝ ያለኝ ጨዉ አልነበረም፤ ሽንኩርቱ ሳይበስል ሌላ ነገር አለመጨመሯ፣ ገና ከመንገድ ስታየን ክዳኑን ከፍታ ሽታውን መስደዷ፣ እኔና አንቺ በሁለት ማንኪያ የድስቱን ቂጥ ስንጠርግ «እኔ ስቀምስ ጠግቤያለሁ» ማለቷ። አንድም ቀን ጠግባ አታውቅም ሚጣ። ያልሽው እጅ ይህ ነው፤ ጨውማ ማንም ቤት አለ።

እንግዲህ ታላቅሽ ነኝ፣ ቃሌን ስሚ። ክኒኑን ከመሳቢያው አውጪ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ ተለኪ። ድስቱንም ብቻሽን አትታገዪው፤ በሰፈርሽ ያንቺ ብጤ አይጠፋምና ጥሪያቸው፣ አብራችሁ አብስሉ። ይህ ትእዛዝ ነው። ልመና ነው ካልሽም ልመና ይሁን። ያን ደጃፍ የሚያውቅ፣ ያቺን ድስት አብሮኝ የጠረገ ካንቺ በቀር አንድ ሰው የለኝም። አንቺ ከሄድሽ ማንን ነው ታስታውሻለሽ የምለው?

ባለቤትሽን ወገብህን ጠብቅ፣ መሪውን ለልጆቹ ተውላቸው በይልኝ። ልጅሽን ወሬ ስላመጣልኝ አመስግኚልኝ፤ አንቺም አትቆጪው። ምራትሽን ጨዉን ከእጅሽ እንድትደብቅ አዝዣታለሁ። የልጅ ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የአያትሽ ወንድም ነው በያት።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከቤቴ
የካቲት ዘጠኝ ቀን

በል ልብስ ሰፊው፣ አሁን ከላይ ጀምረህ አንብብልኝ። ልመና ያልኩበት ላይ ስትደርስ ግን ድምፅህን ዝቅ አድርግ፤ በሩ ክፍት ነው።