ሰባት ቁጥር ላይ ከመውጣትህ በፊት

ነገሩ የተበላሸው ኅዳር 11 ቀን፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የስብሰባው ጸሐፊ የሪፖርቴን ገጽ አራት ጮክ ብላ ስታነብ «ሰባት ቁጥር ሎኮሞቲቭ ሞተሩ ታድሶ አሥር ዓመት እንዲያገለግል ሐሳብ አቀርባለሁ» የሚል ሰማሁ። እኔ የጻፍኩት «ሻሲው ስለተሰነጠቀ ከሥራ ወጥቶ በአዲስ ይተካ» የሚል ነበር። ፊርማዬ ገጽ ስድስት ላይ እንዳለ ነው። የተለወጠው አንድ ቅጠል ብቻ ነው።

ይድረስ ለወንድምዓለም ማቴዎስ። ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ይህን ሳታነብ ሌላውን እንዳታነብ ብዬ ነው ያስቀደምኩት። ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሃል? ወገብህን ተሻለህ? ሙቀቱስ? ሩት እንዴት ናት? ሕፃኗ ፍቅር ጥርስ አወጣች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባታችን ጉልበታቸውን ብርድ ይይዛቸዋል እንጂ ቅዳሴ አስታጉለው አያውቁም። እናታችን ገብሱን ወቅታ አስገብታለች፤ ስንዴውን ግን ውርጭ መታው።

ባለፈው ሳምንት ደውለህ «ሐረጌ፣ ፈርሚና ይለፍ፤ እንጀራሽን በእግርሽ አትርገጪ» ስትለኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም። በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም ተብሎ ይካዳል። ስለዚህ ጻፍኩልህ።

ዘጠኙን ባቡር ጎታች ሎኮሞቲቮች አንተ በድምፃቸው ታውቃቸዋለህ። የእኔ ሥራ የትኛው መታደስ፣ የትኛው መተካት እንዳለበት፣ መቼ እንደሆነም መለየት ነበር። ስምንት ወር ሆዳቸው ሥር ተኝቼ ከረምኩ። የልደት ዘመናቸውን ብቻ አልቆጠርኩም። ሁለት ቁጥር ከሁሉም አንጋፋ ነው፤ ሻሲው ግን እንደ ቀስት ገመድ ቀጥ ያለ ነው፤ ሞተሩ ቢታደስ ገና ብዙ ይጎትታል። ሰባት ቁጥር የሁሉም ታናሽ ነው፤ አንዴ ከሐዲድ ወጥቶ ከተገለበጠ ወዲህ ያው አንዱ ስንጥቅ ሦስት ጊዜ ተበይዷል። እያንዳንዱ በወር ስንት ቀን ሐዲድ ላይ፣ ስንት ቀን ጋራዥ እንደሚውል መዘገብኩ። መለዋወጫው አዲስ ይገኝ እንደሆነ ወይስ ከወንድሙ ተነቅሎ እንደሚገጠምለት ጻፍኩ። አራቱ አሁኑኑ ይታደሱ፣ ሦስቱ ሁለት ዓመት ይሥሩና ይተኩ፣ ሁለቱ ዛሬውኑ ይውጡ አልኩ። አዲስ ታዞ እስኪገባ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ አሮጌው እስኪወድቅ የጠበቀ ሰው ሁለት ዓመት ባዶ ሐዲድ ሲያይ ይኖራል።

አለቃችን ኢንጅነር ጌዲዮን ግን ከበላይ ለሚጠይቁት «ዘጠኙም ይሠራሉ» ብሎ ቃል ሰጥቶ ነበር። ገጽ አራት የእኔ አይደለም ብዬ እዚያው ብነሣ፣ በሦስተኛው ቀን የዕገዳ ደብዳቤ ደረሰኝ። ምክንያቱ «የራሷን የሙያ አስተያየት በመካዷ» ይላል። ወደ ወላጆቻችን ቤት የመጣሁት በዚህ ነው። ለእናታችን ዕረፍት ነው ብያት ነበር፤ አላመነችኝም።

አሁን ደግሞ የሆነውን ስማ። ኢንጅነር ጌዲዮን የጎረቤታችን የእስቴ ሰው ስለሆነ የትኛው በር ሲንኳኳ እንደሚከፈት ያውቃል። የቅበላ ዕለት ሦስት ሽማግሌ ላከብን። ጾም በቂም አይያዝምና በዚያ ቀን የመጣን ሽማግሌ አሳፍሮ የሚመልስ የለም። መሪያቸው የአባታችንም የእኔም የንስሐ አባት፣ አባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ደጃፉ ላይ ቆመው «እሺ ሳንባል አንቀመጥም» አሉ። አባታችን የንስሐ አባታቸው በስተርጅና ሲቆሙ ማየት አልቻሉም። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ «እሺ፣ እሺ፣ ይቀመጡልኝ አባቴ» አሉ። እነሱም ተቀመጡ። በእኛ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ ቃል ተሰጠ ማለት ነው። የተሰጠው ቃል ደግሞ የእኔ ነበር፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ።

ስወጣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አቶ ጥጋቡ ከኩታቸው ሥር ወረቀትና እስክሪብቶ አወጡ። ወረቀቱ ገጽ አራት የራሴ መሆኑን አምኜ ስፈርም ዕገዳው እንደሚነሣልኝ ይላል። አንብቤ ስጨርስ «ልጄ፣ ብረት እኮ ነው። ብረት አያኮርፍም፤ አንቺም አታኩርፊ» አሉኝ። ሦስተኛው ሽማግሌ «ይቺን ለባል ብንጠይቅ ይቀለን ነበር» ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ወደ አባታችን ዞሬ፣ የተጎዳ መጽሐፍ መቼ እንደሚደጎስ፣ መቼስ እንደ አዲስ እንደሚገለበጥ ጠየቅኋቸው። ግራ ቢገባቸውም ለተማሪ እንደሚያስረዱ አድርገው መለሱልኝ። ክሩ ቢበጠስ እንደገና ይሰፋል፣ የሽፋኑ ገበታ ቢሰበር ይለወጣል፤ ብራናው ከበሰበሰ ግን መርፌ አይዝም፣ ያኔ በሌላ ብራና ይገለበጣል አሉኝ። ሰባት ቁጥር ብራናው የበሰበሰ መሆኑን፣ ሞተሩን ማደስ የበሰበሰን ብራና በአዲስ ክር እንደ መስፋት መሆኑን ነገርኳቸው። ከፋሲካ በኋላ ቁልቁለቱ ላይ እንዲነዳው የተመደበው ማቴዎስ ነው ስላቸው ቀና አሉ። ያንን አልሰሙም ነበር። «እህቱ ያጸደቀችውን ወንድሟ ይንዳው» ብሎ ጌዲዮን በሰው ፊት እንደተናገረም ጨመርኩላቸው።

ከዚያ ሌላ ጠየቅኋቸው። እርስዎ ከጻፉት መጽሐፍ አንድ ሰው አንዱን ቅጠል አውጥቶ የራሱን ቢሰፋበት፣ መጨረሻው ላይ ያለው ስም የማን ነው? አባታችን አባ ወልደ ሩፋኤልን አዩ። ሁለቱም በወጣትነታቸው አንድ መምህር ዘንድ ብራና ሲጽፉ የኖሩ ናቸው፤ በየመጽሐፉ መጨረሻ የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ብለው የጻፉበት እጅ ገና አለ። አባታችን ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና ቆሙ። የቤቱ ጌታ፣ ያውም ቄስ፣ ቆሞ እንግዳ አይቀመጥም። ቀድመው የተነሡት አባ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። አቶ ጥጋቡ እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ከተው በመጨረሻ ተነሡ። በር ላይ አባ ወረቀቱን ከአቶ ጥጋቡ እጅ ወሰዱና ለእኔ ሰጡኝ። «እኔ የተሸከምኩትን ሳላነብ ነው የመጣሁት፤ አንቺ ያዢው» አሉ። ኮፒው ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ዋናውን ከስምንት ወር ማስታወሻዬ ጋር አያይዤ ለድርጅታችን ቦርድ ልኬዋለሁ።

አባታችን በማግስቱ የዕገዳ ደብዳቤዬን አምጪ አሉኝና መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

አንተ እኔን ማመን የለብህም። ባትሪ ያዝና ሰባት ቁጥር ሥር ከሁለተኛው ጎማ በስተኋላ በቀኝ በኩል ግባ። ግራሶውን ናፍጣ በነከረ ጨርቅ ጥረገው፤ አዲስ ቀለም ካገኘህ ፋቀው። ከብየዳው ጫፍ ጀምሮ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ወደ ላይ ይሄዳል። እኔ ስለካው አንድ ስንዝር ነበር። አሁን አንተ ለካው።

ለሩት እጅግ አድርገህ ሰላም በልልኝ፤ አንተን ወደ ቁልቁለቱ ስትልክ ምን እንደምትነዳ ማወቅ መብቷ ነውና ይህን ደብዳቤ አንብብላት። ፍቅርን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁን ማሩን ጠይቅልኝ። አባታችን ይባርኩሃል። እናታችን ድርቆሽና ሽሮ በአክስታችን ልጅ በትዕግስት እጅ ልካልሃለች፤ ደብዳቤውም ያለው እዚያው ውስጥ ነው።

ዕገዳው ባይነሣ እዚሁ ጋይንት፣ ንፋስ መውጫ ከተማ ሒሳብ አስተምሬ እኖራለሁ። ከእንግዲህ ግን ያልጻፍኩት ቅጠል በስሜ ሲነበብ ተቀምጬ አልሰማም። ጓዳ ሳለሁ ሳሎን በሰጡት ቃል አልታሰርም፤ ሰጪው አባቴም ቢሆን። ፈርሚና ይለፍ የሚለኝንም፣ አንተም ብትሆን ወንድምዓለም፣ ዳግመኛ አልሰማም።

እህትህ ሐረገ ወይን
ጋይንት፣ ቤተ ልሔም
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.