በሄራት ስኳር የሌለው ሻይ

ወዳጄ ሳቡር፣

ወንድሜ ናዲር ስኳር የተጨመረበት ነገር ካቆመ ዛሬ አርባ አንድ ቀኑ ነው። ሐኪሙ የከለከለው እሱን ብቻ ነበር፤ ልጁ ሾኩፋ ግን አባቷ እንዳይፈተን ብላ ስኳር የሚባል ነገር ከቤቱ አጠፋች። አንተ ካቡል ሆነህ ብርጭቆህን እስከ ግማሽ በስኳር ስትሞላ፣ እኔ እዚህ ባዶ ሻይ ለምጃለሁ።

አርብ ዕለት እትዬ ማህጉል ሾኩፋን ለልጃቸው ሊጠይቁ መጡ። ሻዩን እንደ ሰሞኑ ልማዳችን ባዶውን አቀረብንላቸው። እሺታ ጣፋጭ የሞላ ትሪ ለጠያቂው በመስጠት በሚነገርበት አገር ይህ እምቢታ መሰላቸው። አንዴ ቀምሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"እምቢ ለማለት አፍ የላችሁም? በሻይ ነው የምታባርሩኝ?" ብለው ተነሡ።

ናዲር በካልሲው እስከ በሩ ሮጠ። "ኧረ እትዬ፣ በሽተኛው እኔ ነኝ! ልጄ የከለከለችው እኔን ነው!"

ሾኩፋ ከጓዳ ሆና፣ "የእሺታው ትሪም በዘቢብና በለውዝ ነው የሚሞላው። ስኳር እዚህ ቤት አይገባም" አለች።

"በዘቢብ የታጨች ሙሽራ! ጎረቤት ምን ይለኛል?" አሉ እትዬ ማህጉል። ግን ተመልሰው ተቀመጡና ሻዩን ጨረሱት። ቆይተውም ቀስ ብለው፣ "የእኔ ባል እኮ እንዲህ የሚቆጣው ሰው አጥቶ ነው የሞተው" አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። የእናትህን እጅ ሳምልኝ፤ ልጆቹንም አገላብጠህ ሳምልኝ። እትዬ ማህጉል የዘቢቡን ትሪ ይቀበሉ እንደሆነ መልሳቸውን ሐሙስ ይልካሉ።

ያንተው ካሪም